የተላገው የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሞተሬ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ነው፤ ቦሩም (የሲሊንደሩ ስፋት) ስትሮኩም (የፒስቶኑ ምልልስ) 86 ሚሊሜትር፣ ኮምፕሬሽኑ (ድብልቁ የሚታመቅበት መጠን) 10 ለ 1። ሙቀት በዝቶበት ጓርኒሲዮኑ (በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) ሲቃጠል ማሽን ቤት ሄዶ 0.5 ሚሊሜትር ተላገ። ከተገጠመ ወዲህ ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ ያንኳኳል፤ የታይሚንግ ምልክቱም ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። ጓደኛዬ «ወፍራም ጓርኒሲዮን ግጠምበትና ተገላገል» ይለኛል። ልስማው?

መልስ፦ የጓደኛህ ምክር ልክ የሚሆነውም የሚሳሳተውም አንተ ዘለህ ባለፍከው ነገር ነው፤ የተላገው ብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት አካል) ነው ወይስ ቴስታታው (ከላይ የሚከድነው፣ ቫልቮቹን የያዘው)? የነገርከኝ ምልክት ከሁለቱም ይመጣል። ሁለቱም ቴስታታውን ወደ ክራንክሻፍቱ ያስጠጋሉ፣ ሁለቱም ኮምፕሬሽን ይጨምራሉ። መፍትሔያቸው ግን አንድ አይደለም።

የብሎክ ከፍታ የምንለው ከክራንክሻፍቱ መሐል እስከ ብሎኩ የላይኛው ፊት ያለው ርቀት ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ የስትሮኩ ግማሽ፣ የቢዬላው (ፒስቶኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) ርዝመትና ከፒስቶኑ ፒን መሐል እስከ አናቱ ያለው ቁመት ተደራርበው ይገባሉ። ታዋቂውን ሼቭሮሌ 350 እንውሰድ፦ 44.2፣ 144.8 እና 39.6 ሲደመሩ 228.6 ሚሊሜትር ይሆናሉ። ብሎኩ 229.2 ነው። ስለዚህ ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ከብሎኩ ፊት 0.6 ዝቅ ብሎ ይቆማል። ብሎኩን ስትልግ የምትቀንሰው ከዚህችው ትርፍ ላይ ነው።

ወዳንተ እንምጣ። አንዱ ሲሊንደርህ 500 ሲሲ ገደማ ይጠርጋል፤ 10 ለ 1 እንዲሆን ከላይ የሚቀረው ቦታ 55.5 ሲሲ ነው። ከብሎኩ 0.5 ሲነሳ 2.9 ሲሲ ይጠፋል፣ ኮምፕሬሽኑም 10.5 ይደርሳል። ከቴስታታው ቢነሳ ግን የማቃጠያው ክፍል አፍ ከቦሩ ስለሚጠብ የሚጠፋው ያንሳል፤ አፉ የቦሩን ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢሆን 10.3 አካባቢ ትሆናለህ።

ዋናው ልዩነት ፒስቶኑ ከቴስታታው ጠፍጣፋ ክፍል ጋር በሚኖረው ክፍተት ላይ ነው። በብዙ የቤንዚን ሞተሮች 1 ሚሊሜትር አካባቢ ሲሆን ጥሩ ነው፤ እየጠበበ የሚሄደው ይህ ቦታ ድብልቁን ወደ መሐል ገፍቶ ያማታዋል፣ ማንኳኳትንም ይከላከላል። ብሎኩ ከተላገ ይህ ክፍተት በዚያው 0.5 ጠቧል፤ በ0.5 የሚወፍር ጓርኒሲዮን ሁሉንም ወደ ነበረበት ይመልሰዋል፣ ጓደኛህም አሸነፈ። ቴስታታው ከተላገ ግን ክፍተቱ አልተነካም። ወፍራሙ ጓርኒሲዮን ከ1 ወደ 1.5 ያሰፋዋል፤ ኮምፕሬሽኑ ወርዶም ማንኳኳቱ ላይተውህ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ጓርኒሲዮኑን ተወውና ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ተጠቀም፣ ወይም የእሳቱን ታይሚንግ ትንሽ አዘግየው።

ማሽን ቤቱ የትኛውን እንደላገ ካላስታወሰ ቴስታታውን አውርደህ ፒስቶኑን ጫፍ ላይ አቁመውና በዳያል ጌጅ ለካው። አንድ ቦታ ብቻ አትለካ፤ ፒስቶኑ በፒኑ ላይ ስለሚወዛወዝ ከፒኑ መስመር በላይ በሁለቱም ጫፍ ለክተህ አማካዩን ውሰድ። ከጥገና መጽሐፉ ጋር ሲነጻጸር በ0.5 ከፍ ካለ ብሎኩ ነው። (የናፍጣ ሞተር ቢሆን ኖሮ ፒስቶኑ ከብሎኩ በላይ ብቅ ማለቱ ራሱ ጤና ነው፤ ጓርኒሲዮኑም በብዛት በውፍረት ተመድቦ የሚሸጠው ለዚያ ነው።) ቫልቮቹም ወደ ፒስቶኑ ቀርበዋልና ሳታረጋግጥ አትዝጋ።

በቪ ሞተር (ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ ዘንበል ብለው የቆሙበት) ቢሆን ጣጣው ይበዛ ነበር። 90 ዲግሪ በሆነው ላይ እያንዳንዱ ቴስታታ 0.35 ወደ ውስጥ፣ 0.35 ወደ ታች ይሄዳል፤ በሁለቱ መካከል የሚገጠመው የኢንቴክ ማኒፎልድ (የአየር ማስገቢያው) ቀዳዳዎች አልገናኝ የሚሉት ለዚህ ነው። የፎርድ 302 ሞተር ማኒፎልድ በሌላው የፎርድ ሞተር፣ በ351 ዊንድሰር ላይ የማይገባውም የ351 ብሎክ ረጅም ስለሆነ ነው።

የታይሚንግ ምልክቱን በተመለከተ፣ የካሙ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ባለጥርስ ፑሊ ራዲየስ 55 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን 0.5 መላግ ካሙን በክራንክ ልኬት 1 ዲግሪ ያህል ያዘገየዋል። ምልክቱ እንዲገጥምልህ ብለህ ቺንጋውን ጥርስ እንዳታዘልል። ጥርሱ 40 በሆነ ካም ላይ አንድ ጥርስ 18 የክራንክ ዲግሪ ነው፤ ቫልቩ ፒስቶኑን ሊመታ የሚችለው ያኔ ነው። የሚስተካከል የካም ፑሊ ካገኘህ በእሱ መልሰው፤ ካላገኘህ 1 ዲግሪዋን ታግሰህ ንዳ።