መልስ፦ የአርቪውን (መኖሪያ ያለው የጉዞ መኪና) ውሃ ማሞቂያ ታንክ በሌለው ልቀይረው ወይ?
ወንድሜ፣ ባለ 6 ጋሎኑ የድሮ ማሞቂያ ሁለተኛው ሰው ሻወር ሳይጨርስ ይቀዘቅዛል ላልከው፣ እኔም በዛው ተማርሬ ነው የቀየርኩት፣ አልቆጨኝም። ግን አብዛኞቹ ታንክ አልባዎች (ውሃውን ሳያጠራቅሙ እየፈሰሰ የሚያሞቁት) በፕሮፔን ጋዝ ብቻ ነው የሚሰሩት፣ የድሮው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ኤለመንት የላቸውም፣ ስለዚህ ካምፕ ግራውንድ ላይ መብራቱ ከኪራዩ ጋር ተከፍሎ እንኳን የምታቃጥለው የራስህን ጋዝ ነው። 12 ቮልትም ይፈልጋሉ፣ ባትሪህ ከሞተ ሙቅ ውሃ የለም። ደግሞ ውሃ ልቆጥብ ብለህ ቧንቧውን ቀጠን አድርገህ ከከፈትከው እሳቱ ይጠፋል፣ እኔ ኮሎራዶ ላይ ሳሙና እንደተቀባሁ በረዶ የመሰለ ውሃ ወርዶብኝ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። በብርድ ጊዜ ለምትጓዝ ሰው 60,000 ቢቲዩውን (ቢቲዩ የማሞቅ አቅሙ መለኪያ ነው) ውሰድ፣ 42,000ው አይበቃህም። ግሬይ ታንክህ (የታጠብክበት ውሃ የሚጠራቀምበት) ትንሽ ከሆነ ግን ሙቁ ውሃ ሳያልቅ እሱ ነው የሚሞላብህ፣ ልጆቹን ቶሎ ውጡ ማለትህ አይቀርም። ከመግዛትህ በፊት የድሮው ማሞቂያ የገባበትን ቀዳዳ ለካው፣ የአንዳንዱ አዲስ ማሞቂያ የውጭ በር አይገጥምም።