ስለ ስልክና አካውንት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ይኸው መልሱ

ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ስልክና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሱቅ መጥታችሁ የምትጠይቁኝን እዚሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጎረፈ። ለሁሉም ባልደርስም የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም «ኮድ በስህተት ወዳንተ ልኬ ነው፣ ንገረኝ» አለኝ። ነገርኩት። አሁን በኔ ስም ዘመድ ሁሉ ብር እየተጠየቀ ነው። (ሽምብጥ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጻፈልህ የአክስትህ ልጅ አይደለም። የሱንም አካውንት ቀድሞ የወሰደ ሌባ ነው፤ የነገርከው ኮድ ያንተን ቴሌግራም መክፈቻ ነበር። ቴሌግራምህ ስልክህ ላይ አሁንም ክፍት ከሆነ ቶሎ በል። ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈትና ካንተ ስልክ በቀር ያለውን ሁሉ አስወጣ። አዲስ የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የቆየውን ስልክ ማስወጣት አይችልም፣ ስለዚህ ለጊዜው ጉልበቱ ያንተ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሲደነግጥ አፑን አጥፍቶ እንደገና ሊጭን ይሞክርና ይህን ዕድል በገዛ እጁ ያባክነዋል። ቀጥለህ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን አብራና የራስህን የይለፍ ቃል አስገባ። ያኔ ኮዱን ብቻ ያገኘ ሰው አይገባም። ለዘመዶችህ ደግሞ ደውልላቸው፤ ጽሑፍህን አሁን ማን ያምናል?

ጥያቄ፦ ዓሣ እሸጣለሁ። «3,000 ብር ገብቶልዎታል» የሚል መልእክት መጣ። ወዲያው አንዱ ደውሎ በስህተት ነው፣ መልሺልኝ ብሎ አለቀሰ።

መልስ፦ ልቅሶው ሥራው ነው፣ እህቴ። መልእክት ማንም ይጽፋል። ሒሳብሽን ራስሽ የቴሌብር አፑን ከፍተሽ ወይም *127# ደውለሽ እዪ። ብሩ ከሌለ ዝጊበት። በእርግጥም ገብቶ ከሆነ አሁንም አንቺ አትላኪ፣ አገልግሎት ሰጪው ጋ ደውሎ ያስመልስ በይው።

ጥያቄ፦ መናኸሪያ ስልኬን ነጠቁኝ። ስክሪኑ ቁልፍ ስላለው አልሰጋም አይደል?

መልስ፦ ብትሰጋ ይሻልሃል። ሌባው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ይከተዋል፣ ከዚያ የማንኛውም አካውንትህ ኮድ የሚመጣው ለሱ ነው። ከሰው ስልክ ኢትዮ ቴሌኮም ጋ 994 ደውለህ ሲሙን አዘጋ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ። ገና ያልተሰረቃችሁ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ የሲም ፒን አብሩ፤ ሲሙ ሌላ ስልክ ላይ ሲገባ የሚጠየቅ የሚስጥር ቁጥር ነው። ፒኑን ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ፒዩኬ የሚባለውን የመክፈቻ ቁጥር ስለሚጠይቅ ሲሙ የመጣበትን ካርድ አትጣሉት።

ጥያቄ፦ እናቴ የይለፍ ቃሏን ደብተር ላይ ነው የምትጽፈው። ልከልክላት?

መልስ፦ ተዋት። የደብተሩ ሌባ ቤት ድረስ መምጣት አለበት። እኔን የሚያሳስበኝ ልደቷን አድርጋው እንደሆነ ነው። የማይገናኙ አራት ቃላት ገጣጥማችሁ ረዘም አድርጉላት።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ያሉ ካፌዎች ዋይፋይ አደገኛ ነው ይባላል።

መልስ፦ የሚወራውን ያህል አይደለም። ዛሬ አብዛኛው አፕና ድረ ገጽ የሚልከውን አመስጥሮ ነው። ይልቅ ኢንተርኔት ቤት ኢሜይሉን ከፍቶ ሳይዘጋ የሚሄደው ሰው ነው የሚያስገርመኝ።

ጥያቄ፦ ስልክ ለጥገና ስሰጥ ፎቶዬን ያዩብኛል?

መልስ፦ የራሴን ሙያ ልማ እንግዲህ። ሊያዩ ይችላሉ። ሲምና ሚሞሪ ካርዱን አውጥተሽ ስጪ። ስክሪን ብቻ ለሚቀየርለት ስልክ የመክፈቻ ቁጥርሽን አትስጪ፣ ከተሠራ በኋላ ራስሽ ከፍተሽ ትሞክሪዋለሽ። አዳዲሶቹ ሳምሰንጎች ሜንቴናንስ ሞድ አላቸው፤ እሱን ካበራሽ ጠጋኙ ፎቶና መልእክትሽን አያገኝም። ልትሸጪው ከሆነ ግን መጀመሪያ ከጉግል አካውንትሽ ውጪ፣ ከዚያ ፋክተሪ ሪሴት፣ ማለትም ያለውን ሁሉ አጥፊ።

ጥያቄ፦ «ሽልማት ደርሶዎታል፣ በ*21* የሚጀምር ቁጥር ይደውሉ» አሉኝ፤ ደወልኩ። ምንም አልመጣም።

መልስ፦ ጋሼ፣ ያ ቁጥር የእርስዎን ጥሪ ወደ ሌላ ሰው ስልክ የሚያዞር ነው። በስልክ ጥሪ የሚነገር ኮድ ካለ እሱ ጋ ይሄዳል ማለት ነው። አሁኑኑ ##002# ይደውሉ፣ ማዞሪያውን ሁሉ ያጠፋዋል። ከዚያ *#21# ደውለው መጥፋቱን ይዩ። አልገባ ካለዎት ሱቅ ይምጡ፣ አላስከፍልም።