ለድሬዳዋ ማዕድ ቀለም ስትመርጪ

ጥያቄ፦ ዘንድሮ በግራፊክ ዲዛይን ተመርቄያለሁ፤ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። የከተማችንን ምግብ የሚያስተዋውቅ ሥራ ሠርቼ ሥራ ስፈልግ ላሳየው አስቤያለሁ። ለኦሮሞው፣ ለሶማሌው፣ ለሐረሪው፣ ለአማራው፣ ለጉራጌውና ከየመን ለመጣው ምግብ አንዳንድ ቀለም ሰጥቼ ስድስት ፖስተር ጀምሬያለሁ። በዚሁ ልቀጥል?

ምላሽ፦ ፎቶዎቹንና ማስታወሻሽን ያዢ፤ አከፋፈሉን ግን ተዪው። አንደኛ፣ በእኛ አገር ለብሔር የተሰጠ ቀለም ወዲያው እንደ ባንዲራ ይነበባል፤ ያን ጊዜ ክርክሩ ስለ ምግቡ መሆኑ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የድሬ ምግብ እንዲህ አይከፈልም። ሳምቡሳን በየትኛው ፖስተር ልታስገቢ ነው? በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ይገዛዋል። አብሽ ሁልበት መረቅ በሚባለው የሐረሪ ወጥ ውስጥ አለ፤ የመኖችም በአብሽ አረፋ ወጣቸውን ይሸፍናሉ። ድሬ በ1902 እ.ኤ.አ. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከየአቅጣጫው የመጣው ሰው ከጎረቤቱ ድስት ሲቀምስ ኖሯል። ዲዛይንሽም ይህንን ያሳይ።

የሚሻለው በሰዓት መክፈል ነው። ማለዳ ፉልና ፈቲራ፣ ጨጨብሳም። ቀትር ላይ ሩዝ በሥጋ፣ ፓስታ፣ እንጀራ በወጥ። ከቀትር በኋላ ከተማዋ ጭር ስትል ሻሂ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢ፣ ከጎኑ ጣፋጩ ሐልዋ። ምሽት ሳምቡሳ፣ የግመል ወተት፣ ሾርባ። የእንግዳውም ጥያቄ «አሁን ምን ልብላ? የት?» ነው እንጂ የማን ምግብ እንደሆነ ቆይቶ ነው የሚጠይቀው።

ቀለሙን ከምግቡ ውሰጂ። ለማለዳ የእርድ ቢጫ፣ በአራቱ የኅትመት ቀለሞች በመቶኛ፦ ሲያን 0፣ ማጀንታ 25፣ ቢጫ 95፣ ጥቁር 5። ለቀትር የበርበሬ ቀይ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፦ 15፣ 90፣ 90፣ 15። ለሐልዋው ሰዓት የተቃጠለ ብርቱካንማ፦ 10፣ 65፣ 100፣ 10። ለምሽት ጥቁር ቡናማ። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው፤ በምትጠቀሚበት ወረቀት ላይ ሳታሳትሚ አትወስኚ። በአንድ ገጽ ላይ ቀለሞቹ እኩል ቦታ አይያዙ፤ የገጹን ስድሳ በመቶ ያህል ለስለስ ያለ የወተት ነጭ ይሸፍነው፣ ሠላሳውን የሰዓቱ ቀለም፣ የቀረውን ዓይን የሚይዝ አንድ ቀለም። ጀማሪ አብዝቶ የሚሳሳተው «ምግባችን ደማቅ ነው» ብሎ ገጹን ሁሉ ሲያደምቀው ነው። ያኔ ሳህኑ ይጠፋል።

የእርድ ቢጫ በነጭ ላይ ፊደል አይሆንም፤ አይነበብም። ለንባብ ጽሑፍ በፊደሉና በመደቡ መካከል ያለው ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይሁን። በኢንተርኔት ነፃ መለኪያዎች አሉ።

ስለ ፎቶ ሳልናገር አላልፍም፤ የምግብ ሥራ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የብዙ ምግብ ቤት ግድግዳ በአረንጓዴ ወይም በውሃ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው። ለዓይን ደስ ይላል፤ ነገር ግን ብርሃኑ ግድግዳውን ነክቶ ሳህኑ ላይ ሲያርፍ ሥጋው አረንጓዴ ይመታና የዋለ ይመስላል። ጠረጴዛውን ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል አርቂ፣ ወደ በሩ ጥላ አውጪው፣ ከሳህኑ ጎን ነጭ ካርቶን አቁሚ። መጀመሪያ ሳህኑ ባለበት ቦታ ነጭ ወረቀት አስቀምጠሽ አንድ ፎቶ አንሺ፤ በኋላ ቀለሙን የምታስተካክዪው በእሱ ነው። ሐልዋ የሚያምረው በአብረቅራቂነቱ ስለሆነ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፤ ከፊት ከመጣ ጠፍጣፋ ቡናማ ድንጋይ ነው የሚመስለው። የግመል ወተት በነጭ ብርጭቆ በነጭ መደብ አይታይም፤ ከኋላው ጠቆር ያለ የእንጨት ዕቃ ይኑር። ቀትር ላይ ደጅ አታንሺ፤ የድሬ ፀሐይ ነጩን ሁሉ ያቃጥለዋል።

በስክሪን ያየሽው ደማቅ አረንጓዴና ሰማያዊ በማተሚያ አይወጣም፤ አራቱ የኅትመት ቀለሞች ያን ያህል ድምቀት የላቸውም። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመሪያው በእነዚሁ አራት ቀለሞች፣ በሲኤምዋይኬ ክፈቺው፣ ፎቶው 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን፣ በየጠርዙ ለሚቆረጠው 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተዪ። የሚነበበው ጽሑፍ መቶ በመቶ ጥቁር ብቻ ይሁን፤ ከአራት ቀለም የተደባለቀ ጥቁር ማተሚያው ትንሽ ከተዛነፈ ፊደሉ ጥላ ያወጣል። የግዕዝ ፊደል ቀጫጭን እግርና ቀለበት ስላለው በደማቅ መደብ ላይ ነጭ ጽሑፍ ከ9 ነጥብ የፊደል መጠን በታች አይውረድ፤ ቀለሙ እየገባ ይደፍነዋል። ፊቱ በፋብሪካ ያልተለበጠ ወረቀት ቀለሙን ስለሚመጥ ቀዩ ይጠቁራል።

ፋይሉን ስትልኪ ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይሪ፤ አለበለዚያ በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ያ ፊደል ከሌለ ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል። በቴሌግራም ከሆነ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪ።

ስሞቹን በተመለከተ፦ የምግቡ ስም በራሱ ቋንቋ በትልቁ ይጻፍ፤ ከሥሩ በአንድ መስመር ምን እንደሆነ በአማርኛ። ሁልበት መረቅን «የአብሽ ወጥ» ብለሽ ብቻ ከጻፍሽ ስሙን ቀማሽው። የኦሮምኛና የሶማሊኛ ቃላት በላቲን ፊደል ስለሚጻፉና አናባቢ ስለሚደጋገምባቸው ከአማርኛው ይረዝማሉ፤ ሳጥኑን በረጅሙ ስም ልክ አዘጋጂ። አምስት ቋንቋ በአንድ ፖስተር አታጭቂ። አጻጻፉን ምግቡን ለሚሠሩ ቢያንስ ሦስት ሰዎች አሳዪ፤ ካልተስማሙ የሚበዛውን ያዢ።

ሐላልና ጾም በቀለም ብቻ አይለዩ። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው አለ፣ በጥቁርና ነጭ የተባዛ ሜኑም አለ። ለእያንዳንዱ ምልክትና ቃል ስጪ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ደንበኛ ቅቤ ያለበትን ከሌለበት በአንድ እይታ መለየት አለበት፤ ስለዚህ በዘይት ወይስ በቅቤ እንደሚሠራ ከወጥ ቤቱ አጣሪ፣ ከባለቤቱ ብቻ አይደለም።

ለሥራ ፍለጋ ሦስት ነገር ይበቃሻል፦ ለአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ታጥፎ ኤ5 የሚሆን ሜኑ፣ የድሬን ሰፈሮች ከፊራን፣ መጋላንና ከዚራን የሚያገናኝ የምግብ ጉዞ ካርታ፣ የአንድ ምርት (የሐልዋ ወይም የቅመም) ማሸጊያ። በማሸጊያው ላይ ለይዘቱ፣ ለክብደቱ፣ ለተመረተበትና ለሚያበቃበት ቀን ቦታ ተዪ፤ ውብ ሆኖ ይህ የሌለበት ማሸጊያ አሠሪውን «ይቺ ልጅ ሱቅ አታውቅም» ያሰኘዋል። ሜኑው ዘይት ይነካዋልና በማያብረቀርቅ (ማት) ፕላስቲክ ይለበጥ፤ የሚያብረቀርቀው በአምፖል ሥር አይነበብም። ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን የተውሽውን አንድ ሙከራና ለምን እንደተውሽው በሁለት መስመር ጻፊ። ስድስቱ ፖስተሮች የሚጠቅሙሽ እዚህ ነው፤ አንዱን አሳዪ፣ ምክንያቱን ንገሪ።

ሆቴሎች፣ የቅመም አሻጊዎች፣ አስጎብኚ ድርጅቶችና የከተማው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ይህን ሥራ ሊፈልጉ ይችላሉ። ለመጀመሪያዋ ምግብ ቤት በነፃ አትሥሪ፤ ዋጋውን ዝቅ አድርጊ እንጂ ውል ይኑር፦ ግማሹ ቅድሚያ፣ ማስተካከያ ሁለት ጊዜ፣ የኅትመት ወጪ በደንበኛው፣ ሥራውን በፖርትፎሊዮሽ የማሳየት መብት የአንቺ። ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀየር የሜኑውን ዋጋ ብቻ በተለጣፊ ወረቀት የሚቀየር አድርጊው፤ ባለቤቱ በእስክሪብቶ ሰርዞ ከጻፈበት ሥራሽ ሁለት ወር አይቆይም።