«በዝግጁ ቴም ሠርቼ 45 ሺህ ብር ልጠይቅ?» ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለአንድ የጥርስ ክሊኒክ ሳይት ልትሠራ ተስማምተሃል። የምትሠራው በዎርድፕሬስ (ሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር ነው) ዝግጁ ቴም፣ ማለትም ሌላ ሰው አስቀድሞ በሠራው የሳይት ንድፍ ነው። ጓደኛህ «ይሄማ ሥራ አይደለም፣ ኮፒ ፔስት ነው» ብሎ ልብህን ከፈለው። 45 ሺህ ብር ይበዛ እንደሆነ ጠየቅክ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀስ ብለህ፣ ቴሌግራም ላይ በነፃ ያገኘኸውን ፕሪሚየም (በገንዘብ የሚሸጥ) ቴም ብትጠቀም ችግር ይኖረው እንደሆነ ጣል አደረግክ።

ከመጨረሻው ልጀምር። አትጠቀመው። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሃለሁ።

ቴም መጠቀም ግን ነውር አይደለም። እኔ አራት ኪሎ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቶች በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት እንጀራዬን የበላሁት በሱ ነው። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው «ፕላኑን እኔ አልነደፍኩትም» ብሎ አይተክዝም። ቁልፍ በተቀበለ ማግስትም አልጋ አስገብቶ አይተኛም። ሴራሚክ አለ፣ ቀለም አለ፣ የኪችን ካቢኔ አለ፣ የሚያፈስ ቧንቧ አለ። ደንበኛህ የሚከፍልህ ለፊኒሺንጉ ነው።

ነውሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርህ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ካዛንቺስ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንዲት እናት ደንበኛዬ ነበሩ። እትዬ ነው የምላቸው። 11 ክፍል አላቸው። ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩና የአንድ ሆቴል ቴም ዴሞ (ሻጩ የሚያሳየው ናሙና ሳይት) ከፍቼ አሳየኋቸው። የባሕር ዳርቻ፣ መዋኛ ገንዳ፣ በነፋስ የሚውለበለብ ነጭ መጋረጃ። «እንዲህ አድርግልኝ» አሉ። «ችግር የለም» አልኩ።

ሥራው ሲያልቅ የራሳቸውን ፎቶዎች አስገባሁ። በስልክ የተነሡ፣ ስልኩ ቆሞ የተነሡ ናቸው። ዴሞው የሚፈልገው ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ ወርደ ሰፊ ፎቶ ነው። አልጋው ተቆርጦ የብርድ ልብሱ መሃል ብቻ ቀረ። እትዬ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩና «ያኛውስ የት ሄደ?» አሉኝ።

በዚህ ላይ የእህታቸው ልጅ አብሮን ተቀምጧል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የገጹን ሶርስ ከፈተና የቴሙን ስም አገኘው። የቴሙ ፎልደር ስም ኮዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስለሚታይ ማግኘቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ጎግል አደረገና «አክስቴ፣ ይሄ እኮ በ59 ዶላር ይሸጣል» አለ። እትዬ ምንም አላሉም። ዝም ብለው አዩኝ። ቡና ተፈልቶ ነበር። አቦሉን ጠጥቼ ቶናውን ሳልጠብቅ ወጣሁ።

ልጁ አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዴሞውን የራሴ ሥራ አስመስዬ ሸጥኩላቸው። ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያው ቀን እናገራለሁ፦ «የምሠራው በዝግጁ ቴም ላይ ነው፤ የሚከፍሉኝ ለዚህ፣ ለዚህና ለዚህ ነው»። ውሉም ላይ አንድ መስመር አስገባለሁ። በዚህ ምክንያት ጥሎኝ የሄደ ሰው አላስታውስም። ብዙዎቹ እኮ ከዱባይና ከቻይና ዕቃ አምጥተው የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው። ዝግጁ ነገር ምን እንደሆነ ካንተም ከኔም በላይ ያውቃሉ።

ዴሞ ማሳየትም ትቻለሁ። መጀመሪያ ፎቶና ጽሑፍ እቀበላለሁ፣ ቴም የምመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ቴም ስታይ ፎቶዎቹን በሐሳብህ አውጣቸው። ያለ እነሱ ቆሞ የሚሄድ ከሆነ ውሰደው። በስልክህ ክፈተው፣ በሞባይል ዳታ፣ ታክሲ ውስጥ ሆነህ። የቢሮ ዋይፋይ ይዋሻል። ዴሞውን ኢምፖርት ካደረግክ ደግሞ ሥራው ሲያልቅ የተረፉትን ገጾች አጥፋ። የእትዬን ማረፊያ ጎግል ላይ የፈለገ ሰው «የኛ ቡድን» የሚል ገጽ ከአራት የማይታወቁ ፈረንጆች ጋር ያገኝ ነበር።

አሁን አማርኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ገንዘብህን የምታገኘው እዚህ ነው።

ቴሞቹ የተሠሩት ለላቲን ፊደል ነው። ዴሞው ላይ ያማረህ ፎንት፣ ፖፒንስ በለው ሞንሰራት፣ የኛን ፊደል አያውቅም። አማርኛ ስትጽፍ ብሮውዘሩ ዕቃው ላይ ባገኘው ሌላ ፎንት ይተካዋል። ስለዚህ አንተ ዊንዶውስ ላይ የምታየውና ዶክተሩ ስልኩ ላይ የሚያየው አይመሳሰልም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ጎግል ፎንትስ ላይ በነፃ አለ። እሱን ጫንና ለሁሉም አንድ አድርገው። ከዚያ የመስመር ከፍታውን እይ። ብዙ ቴሞች ርዕስ ላይ መስመሮቹን ያጣብቃሉ። የአማርኛ ርዕስ ሁለት መስመር ከሆነ የላይኛው እግር የታችኛውን ራስ ይረግጣል። እኔ የጽሑፉን የመስመር ከፍታ የፊደሉን መጠን 1.6 እጥፍ፣ የርዕሱን 1.4 እጥፍ አካባቢ አደርጋለሁ።

የኛ ፊደል ካፒታል ሌተር የለውም። ቴሙ ርዕሱን በካፒታል ብቻ የሚለይ ከሆነ አማርኛው ላይ ምንም አይለይም። በመጠንና በውፍረት አካክሰው። ጥቅሶችን በሰያፍ የሚያደርግ ቴም ደግሞ የኛን ፊደል በግድ ያጋድመዋል፣ ነፋስ የመታው በቆሎ ይመስላል። አጥፋው። «ቀጠሮ ለማስያዝ እዚህ ይጫኑ» ብለህ ጽፈህ ቁልፉ ሁለት መስመር ሆኖ ካበጠ ቴሙን አትርገም። «ቀጠሮ ይያዙ» በቂ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። የገጹን ርዕስ በአማርኛ ስትጽፍ ዎርድፕሬስ ሊንኩንም በአማርኛ ይሠራዋል። እያንዳንዱ ፊደል ወደ ኮድ ሲቀየር 9 ምልክት ይሆናል። ዎርድፕሬስ ደግሞ ሊንኩን 200 ምልክት ላይ ይቆርጠዋል። 22 ፊደል ብቻ ማለት ነው። ሰው ቴሌግራም ላይ ሲያጋራው የፐርሰንት ምልክት ሰልፍ ይሆናል። ሊንኩን በእጅህ በላቲን አሳጥረህ ጻፈው። ይህን በወቅቱ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ወደ ቴሌግራሙ ቴም። «ናልድ» የሚባለው ነው፣ ላይሰንሱ የተሰበረ። በጀማሪነቴ እኔም ሜክሲኮ አካባቢ ላለ የፈርኒቸር ሱቅ አንዱን ጫንኩ። ለወራት ሰላም ነበር። አንድ ቀን ባለቤቱ ደውሎ «ሰዎች ሳይትህ ቁማር ቤት ሆኗል ይሉኛል» አለኝ። ከፈትኩት፣ ደህና ነው። እሱም ከፈተው፣ ደህና ነው። ሦስት ቀን ተከራከርን። ለካ ወደ ቁማሩ የሚወስደው በስልክ፣ ከጎግል የገባውን ሰው ብቻ ነው። አድራሻውን በቀጥታ የሚጽፍ ሰው፣ እንደ ባለቤቱና እንደ እኔ ያለው፣ ምንም አያይም። ያን ያህል አስልተው ነው የሠሩት። አጽድቼ እስክጨርስ ከተከፈለኝ በላይ ደከምኩ።

«ዎርድፕሬስ ጂፒኤል በሚባል ነፃ ላይሰንስ የሚለቀቅ ነው፣ ማጋራት ይፈቀዳል» የሚል ክርክር ትሰማለህ። ሕጉ ላይ መከራከር ይቻል ይሆናል። ፋይሉ ውስጥ ማን ምን እንደጨመረ ግን ሕጉ አይነግርህም። አፕዴትም አይመጣልህም። በ2014 እ.ኤ.አ. ስላይደር ሪቮሉሽን የተባለው ፕለጊን (ሳይት ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ፕሮግራም) ላይ ቀዳዳ ተገኝቶ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ጎግል በሱ በኩል የተበከሉ ከ11 ሺህ በላይ ዶሜይኖችን (የሳይት አድራሻዎችን) አግዷል። የፕለጊኑ ሠሪዎች ቀዳዳውን ቀደም ብለው ደፍነውት ነበር። ብዙ ባለሳይቶች ግን ፕለጊኑ እንዳላቸው እንኳ አያውቁም፤ ከቴሙ ጋር ተጠቅልሎ ነው የመጣላቸው። ገዝተህም ቢሆን ቴሙ ምን ምን ይዞ እንደመጣ ዘርግተህ እይ። የማያስፈልገውን አውጣ።

ዶላር እንዴት ትከፍላለህ? እሱ እውነተኛ ችግር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። የ60 ዶላር ቴም 3,400 ብር ገደማ ነው። የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በወራት ውስጥ 120 አለፈ፣ ያው ቴም ከ7 ሺህ ብር በላይ ሆነ። የመክፈያ ካርዱም ቢሆን ብዙ ጊዜ የውጭ አገር ዘመድ ይጠይቃል። ስለዚህ ለክሊኒክ ዓይነት ሥራ አልገዛም። ከዎርድፕሬስ የራሱ ማውጫ አስትራ ወይም ካዴንስ የሚባለውን ቴም በነፃ እወስዳለሁ። ለፈለግከው ያህል ደንበኛ መጠቀም ይፈቀዳል። ቴምፎረስት ከሚባለው የቴም መሸጫ ሳይት ከገዛህ ግን መደበኛው ላይሰንስ ለአንድ ሳይት ብቻ ነው፣ የሠሪው ድጋፍም 6 ወር ነው። አንዱን ገዝተህ ለአምስት ደንበኛ ማዞር የለም።

ቻይልድ ቴም ሥራ፣ ማለትም ያንተ ለውጦች ለብቻ የሚቀመጡበትንና አፕዴት የማያጠፋውን ተቀጥላ ቴም። ሌላ አልልህም። ፒያሳ ሰዓት የሚሸጥ ደንበኛዬ በኮሪደር ልማቱ ሱቁ ፈርሶ ተዛወረ። «ተዛውረናል» የሚለውንና አዲሱን አድራሻ በቀጥታ የቴሙ ሄደር (የገጹ አናት) ፋይል ውስጥ ጻፍኩት። ከታች ያለውን ካርታ በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ተውኩት። ከወር በኋላ ቴሙ አፕዴት ሲሆን የጻፍኩት ሁሉ ጠፋ፣ የድሮው ካርታ ብቻ ቀረ። ሰዎች አጥሩ ሥር ቆመው «የት ናችሁ?» ብለው ይደውሉለት ነበር።

45 ሺህ ይበዛል ወይ? ሎጎና ቀለም ብቻ ቀይረህ ልታስረክብ ከሆነ አዎ፣ ይበዛል። ባለፈው የሠራሁት ሥራ ላይ ቴሙን መጫንና ማስተካከል ግማሽ ቀን ፈጀ። ቀሪው ሦስት ሳምንት ጽሑፍ መለመን፣ የመጣውን ማረም፣ ፎቶ፣ የአማርኛው ገጽ፣ ኢሜይል፣ ባክአፕ፣ እንዲሁም የእንግዳ መቀበያዋን ልጅ ዋጋ መቀየር ማስተማር ነበር። ይህን ሁሉ ከሠራህ አይበዛም። ዶሜይንና ሆስቲንግ (ሳይቱ የሚቀመጥበት ኪራይ) በደንበኛው ስም ይሁን፣ ሂሳቡም ለብቻ። የዓመት ጥገናውንም አሁኑኑ ተነጋገር፣ በኋላ «አንዴ እያት» እየተባልክ በነፃ ትኖራለህ።

ለክሊኒኩ ፎርም ላይ ብዙ አትድከም። ታካሚ ፎርም አይሞላም፣ ይደውላል። የስልክ ቁልፉን ከላይ አድርገው፣ ሲነካ በቀጥታ እንዲደውል። የታካሚ ጥርስ ፎቶ ያለ ሰውየው ፈቃድ አታስገባ፣ ዶክተሩ «ችግር የለውም» ቢልህም። የዴሞውን ሳቂታ ፈረንጅም አውጣው። ራስህ ሂድና ዶክተሩንና ክፍሉን አንሣ፣ ስልክህን አጋድመህ። ጠዋት ሂድ። ከሰዓት ታካሚ ይበዛል፣ መብራትም ሊጠፋብህ ይችላል።