«አማቼ እኮ ኢንጂነር ነው»

ከአዳማ የደረሰኝን ደብዳቤ አሳጥሬ ላስነብባችሁ።

«31 ዓመቴ ነው። የአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ፣ ባንክ እሠራለሁ። ባለቤቴ ከ12ኛ ክፍል በኋላ አልተማረም። ከቀን ሠራተኝነት ተነስቶ ፎርማን ሆነ። አሁን የራሱ ሠራተኞች አሉት፣ የቤት ፊኒሺንግ ይይዛል፣ ገቢው ከእኔ ደመወዝ ይበልጣል። ከአራት ዓመት በፊት ሽማግሌ ሊልክ ሲል፣ አባቴ ያልተማረ ሰው እንደማይቀበል ስለማውቅ ‹ኢንጂነር ነው በሉ› ያልኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ አምነውኝ ተናገሩ። እነ አባቴ ሳሎን የእኔና የወንድሞቼ የምርቃት ፎቶ ተሰቅሏል። ‹የአማቼስ የታለ?› ይላል አባቴ በየበዓሉ። ‹ይመጣል› እንላለን። አሁን የአባቴ እድር አዳራሽ ሊሠራ ነው። አባቴ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ‹አማቼ እኮ ኢንጂነር ነው፣ ፕላኑን በነፃ ይሠራልናል› ብሎ ቃል ገባ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ እነሱ ጋ አልሄድም ብሏል። ከእኔም ጋር በቅጡ አያወራም። ‹ኤክስቴንሽን ገብተህ ዲግሪውን ያዘውና ይለይልን› ስለው ጭራሽ ባሰበት። እድሩ በወሩ መጨረሻ ይሰበሰባል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ፎቶው ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። ይቅር በይኝ። ወዲያው ግን ባለቤትሽ ታየኝ። በየበዓሉ ዶሮ ወጥ እየበላ፣ ግድግዳው ላይ የሱ ፎቶ የሚሰቀልበትን ባዶ ቦታ ሲያይ።

መጀመሪያ የአዳራሹን ነገር እንጨርስ፣ ቀልድ አይደለምና። አዳራሽ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ነው። መሬቱ ምን ያህል እንደሚሸከም፣ ምሰሶው ስንት ብረት እንደሚፈልግ የሚታወቀው በስሌት ነው። ፕላን ላይ የሚፈርመውም የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ባለቤትሽ ሳይት ላይ ስንቱን ጀማሪ ኢንጂነር እንዳስተማረ እገምታለሁ። ቢሆንም ይህ ሌላ ሥራ ነው። «ዲግሪ ወረቀት ነው» የሚሉ ሰዎች ሲበዙ እሰማለሁ፣ አልስማማም። አንዳንዱ ዲግሪ ጣሪያ ሰው ላይ እንዳይወርድ ያደርጋል። ስለዚህ «የሚያውቀው ሰው በጎን ይፈርምለት» የሚል ሐሳብ መጥቶልሽ ከሆነ ተይው።

አባትሽን ደግሞ ሞኝ አድርጌ ማየት አልፈልግም። በሱ ወጣትነት ማትሪክ አልፎ ካምፓስ የገባ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። በደርግ ጊዜ ተመራቂውን ሥራ የሚመድበው መንግሥት ራሱ ነው። ዲግሪ ማለት የወር ደመወዝ፣ ክብር፣ የእርጅና ጡረታ ማለት ነበር። «የተማረ ይግደለኝ» ያለ ትውልድ ያየውን ነው የተናገረው። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ አራትና አምስት ዓመት ተምሮ የመውጫ ፈተናውን ያላለፈ ዲግሪውን አያገኝም። ያለፈውም ቢሆን ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ዓመት የሚቆጥር ሞልቷል። ዲግሪ ይዘው ኮብልስቶን ያነጠፉትን ልጆች ታስታውሺያቸዋለሽ። የአባትሽ ሒሳብ ትክክል ነበር፣ ዋጋው ነው የተለወጠው።

ከዚያ ሥር ሌላ ነገርም አለ። እኛ አገር በእጁ የሚሠራን ሰው መናቅ የቆየ በሽታ ነው። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን የሚሰድብ ሰው በመብዛቱ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ ግድግዳ የሚለስን ጎበዝ ባል ለማግባት «ኢንጂነር በሉ» ማለት አስፈለገ። አንቺን ብቻ መውቀስ አይሆንልኝም።

ግን ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ነገር ከነከነኝ። አባትሽ «አልቀበልም» አላለም። አልተጠየቀማ! እንደማይቀበል ያወቅሽለት አንቺ ነሽ። የባንክ ጓደኞችሽ «ባልሽ ምን ይሠራል?» ሲሉሽ ምን ትያለሽ? «ኮንስትራክሽን ላይ ነው» ብለሽ ወሬ ትቀይሪያለሽ? ለእኔ አትመልሺልኝ፣ ለራስሽ መልሺ። ገምቼ ነው፣ ልሳሳት እችላለሁ።

ባለቤትሽ ግን እንደዚያ የሚገምት ይመስለኛል። ለዚህ ነው ኤክስቴንሽኑ ያናደደው። አንቺ መፍትሔ ያመጣሽ መስሎሻል፣ እሱ የሰማው «እኔም እኮ ወረቀቱን እፈልገዋለሁ» የሚል ነው። ጆን ጎትማን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ባልና ሚስትን ለብዙ ዓመታት ሲያጠና ትዳርን ከሁሉ በላይ የሚያፈርሰው ንቀት ነው ብሏል። ንቀት ሲባል የሚታየን ስድብ ነው። በሥራዬ የማየው ብዙው ግን ድምፅ የለውም። ሰውን መደበቅ ነው።

ሌላም አለ። አባትሽ መርቆ የዳረሽ ለኢንጂነሩ ነው። ባለቤትሽ ያን ምርቃት የወሰደው በሌላ ሰው ስም ነው። ግድግዳው ላይ የጎደለው ምርቃት አንድ ብቻ አይመስለኝም። እርግጥ እሱም ነፃ አይደለም። አራት ዓመት ዝም ብሏል፣ «ኢንጂነሩ» ሲባል አቤት ብሏል። ይህን ግን እሱ ራሱ ይበለው፣ አንቺ አታንሺበት።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን። ከባለቤትሽ ጀምሪ። «ለአንተ ብዬ ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር እርሺያት። «ያፈርኩት እኔ ነኝ፣ አባቴ ላይ የለጠፍኩት የራሴን ፍርሃት ነው» በይው፣ እውነት ከሆነ። ሊቆጣ ይችላል። ይቆጣ። ያን ማታ ስለ እድሩ አታውሩ።

ቀጥሎ ዋናው ሽማግሌ አሉ። እሳቸውን ደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር አልፈሻቸዋል። አባትሽ ፊት የቆሙት በሽበታቸው ነው። የማያውቁትን ውሸት አስወርተሻቸዋልና ይቅርታ ይገባቸዋል። እሺ ካሉሽ አባትሽ ጋ አብረውሽ ይሂዱ። ሊያጋቧችሁ እንደሄዱ፣ አሁን ደግሞ ለእርቅ።

አባትሽ ፊት ስትቀርቢ ስለ ዲግሪ ክርክር እንዳትገጥሚ፣ አደራ። «ዘንድሮ ዲግሪ ምን ይሠራል?» ካልሽ የሱን ዘመንም የራስሽንም ፎቶ አወረድሽ ማለት ነው። «አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ። እሱ ኢንጂነር አይደለም፣ ፎርማን ነው። እንዲህ በሉ ያልኩት እኔ ነኝ» ይበቃል። የሚከፋው እድሩ ፊት በመዋረዱ ነው፣ እሱም እውነት አለው። እድሩ ጋ ሄዶ «ፕላኑን ባለፈቃድ ይሥራው» ማለት ያቅተው ይሆናል። ባለቤትሽ ፈቃዱ ከሆነ ልስኑንና ሴራሚኩን በነፃ እሠራለሁ ሊል ይችላል። ቃሉ ግን ከሱ አፍ ይውጣ። አንቺ ቀድመሽ ቃል እንዳትገቢለት፣ ይህንኑ ነው አባትሽ ያደረገው።

የትምህርቱን ነገር ለጊዜው አቆይው። የሚያውቀውን ሙያ የሚያስመሰክር ወረቀት ከፈለገ፣ በሥራ ላይ የለመደ ሰውም የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና መውሰድ ይችላል። ዲግሪም ካማረው ይማር። የአማቱን ግድግዳ ለመሙላት ከሆነ ግን አምስት ዓመት ረጅም ነው።

ስብሰባው በወሩ መጨረሻ ነው ብለሻል። ደብዳቤሽ እጄ እስኪገባ ሁለት ሳምንት ሄዷል። ባለቤትሽ ዛሬ ከሥራ ሲገባ እጁን ታጥቦ፣ እራቱን ይብላ። ከዚያ ጀምሪ።