ነፍሰ ጡር ሆኜ የሱስ መድኃኒት እየወሰድኩ መቁረብ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ከመኪና አደጋ በኋላ ለወገቤ የታዘዘልኝ ፐርኮሴት የሚባል የህመም ማስታገሻ ክኒን ሱስ ሆኖብኝ ብዙ ተሰቃየሁ፣ አሁን ሐኪም ቡፕረኖርፊን የሚባል የሱስ መድኃኒት አዞልኝ ከምላሴ ስር እያሟሟሁ ከድሮው ክኒን ተላቅቄያለሁ። አክስቴ ግን "ሱስ በሱስ ነው የቀየርሽው፣ አቁሚና ጸበል ግቢ፣ እንዲህ ሆነሽማ አትቆርቢም" ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት መድኃኒቱን በራስሽ እንዳታቆሚ፣ አደራ። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅም ለነፍሰ ጡር የሚመክረው ሜታዶን (እሱም እንዳንቺው ያለ የሱስ መድኃኒት ነው) ወይ ቡፕረኖርፊን እየወሰደች እንድትቆይ ነው፣ ድንገት ሲቋረጥ እኮ ጽንሱም አብሮ ይጨነቃል፣ ምጥ ያለ ጊዜው ሊመጣ ይችላል፣ ደግሞ ያቋረጡት ብዙዎቹ ወደ ድሮው ይመለሳሉ፣ ዛሬ መንገድ ላይ የሚሸጠው ክኒን ደግሞ ብዙ ጊዜ ፌንታኒል የሚባል በጣም ኃይለኛ ማስታገሻ ያለበት ነው፣ ትንፋሽ ያቆማል።

"ሱስ በሱስ" የሚለውን ስንቴ ሰማሁት መሰለሽ። ሰውነትሽ መድኃኒቱን መልመዱ እውነት ነው፣ ኢንሱሊን የታዘዘለት የስኳር ታማሚም ያለሱ አይውልም፣ ሱሰኛ የሚለው ግን የለም። ያኔ ክኒን ፍለጋ ስትባዝኚ ከነበረው ኑሮ ወጥተሽ ዛሬ የእርግዝና ክትትልሽን ይዘሽ ስለ ቁርባን የምትጠይቂ ሆነሻል፣ ይሄ ትንሽ ነገር ነው እንዴ?

ጸበል ቦታ ደጋግሜ ያየሁትን ልንገርሽ። አንዱ መድኃኒቱን ጥሎ ይመጣል፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ላብ ያጠምቀዋል፣ ያዛጋዋል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስታውከዋል፣ ይጮኻል። ዙሪያው ያለው ሰው "እሰይ፣ ሊለቀው ነው" ብሎ እልል ይላል። እኔ ርኩስ መንፈስ የለም አላልኩም፣ ቤተክርስቲያን የምታስተምረውን ነው የማምነው። ግን መድኃኒት ሲቋረጥ ሰውነት የሚያሳየውን ሁሉ ለሰይጣን መስጠት ሰይጣንን ማክበር ነው። ይሄ ስቃይ በነፍሰ ጡር ላይ ሲሆን ደግሞ በማህፀኗ ያለው ምን አጠፋ?

በኤችአይቪ ጊዜ እንጦጦ የሆነውን አስታውሺ፣ መድኃኒታቸውን ጥለው ጸበል የገቡ ስንት ወገኖች ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አብራችሁ ውሰዱ ብለው አስተማሩ። ንጉሡ ሕዝቅያስም ታሞ ወደ ግድግዳ ዞሮ አለቀሰ፣ እግዚአብሔር እፈውስሃለሁ ብሎ 15 ዓመት ጨመረለት፣ ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ ብሎ ቁስሉ ላይ ያስደረገበት (2ኛ ነገ. 20)። ተስፋው ተሰጥቶ ካለቀ በኋላ! ነቢዩ እምነት አንሶት ነው? ስለዚህ ጸበሉን ጠጪ ተጠመቂ፣ መድኃኒቱንም ውሰጂ።

ወደ መጨረሻዎቹ ወራት ሐኪምሽ መጠኑን ከጨመረልሽ ወይ ከፋፍለሽ ውሰጂ ካለሽ ወደ ኋላ ተመለስኩ ብለሽ አትዘኚ፣ በእርግዝና ሰውነት መድኃኒቱን ቶሎ ስለሚጨርሰው ነው። ልጅሽም ሲወለድ ሊንቀጠቀጥ፣ አብዝቶ ሊያለቅስ፣ ጡት አልይዝ ሊል ይችላል፣ ሐኪሞቹ ያውቁታል፣ የተወሰኑ ቀናት ይከታተሉታል፣ ይታከማል ያልፋል። ከመድኃኒቱ ጋር ማጥባትም ይቻላል፣ ሐኪሞቹ ያበረታቱታል እንጂ አይከለክሉም፣ ብቻ ከወዲሁ ንገሪያቸው፣ እንዳትደብቂ። ያኔ "የእናቱ ኃጢአት ነው" የሚል ከመጣ ዮሐንስ 9ን አንብቢለት፣ ጌታ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠይቁት እሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም ብሎ የመለሰላቸውን።

ስለ ቁርባኑ፣ ንስሐ የምትገቢው ከድሮው ኑሮ እንጂ ከህክምናሽ አይደለም። ለንስሐ አባትሽ ሁሉን ንገሪ፣ መድኃኒቱንም በስንት ሰዓት እንደምትወስጂው ጭምር። የቁርባን ቀን ከቅዳሴ በኋላ ልውሰደው ወይ ብለሽ ሐኪምሽን ጠይቂ፣ አይሆንም ካለሽ እሱንም ለአባ ንገሪያቸው፣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፣ እኔ በኢንተርኔት አልወስንልሽም። ለቁርባን ብለሽ ግን አንድም ቀን መድኃኒቱን ሳትወስጂ እንዳትውዪ።

አክስትሽ ክፉ ሆና አይደለም፣ ፈርታልሽ ነው። የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ይዘሻት ሂጂ፣ የፈለገችውን ሐኪሙን ትጠይቀው፣ ከፈለገች እኔም ጋ ትደውል።