መልስ፦ የስፒዲ ንባብ ከኦቨን ለምን ያንሳል?

አንድ የሳብግሬድ (ከመንገዱ ንጣፍ ሥር ያለ) ጥቁር አፈር ሳምፕል በስፒዲ (አፈሩን ከካልሲየም ካርባይድ ዱቄት ጋር በዝግ ሲሊንደር ውስጥ አደባልቆ በሚወጣው ጋዝ ግፊት እርጥበቱን የሚለካ የሳይት መሣሪያ) 20 በመቶ፣ በላቦራቶሪ ኦቨን (ማድረቂያ ምድጃ) 25 በመቶ እርጥበት አሳየ፤ የቱን ልመን ነው ጥያቄዎ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ስፒዲ የሚያሰላው ከእርጥቡ አፈር ክብደት ነው፣ ኦቨኑ ከደረቁ። ንባቡን ከ100 ቀንሰው በቀሪው ያካፍሉት፣ በ100 ያባዙት፦ 20 ÷ 80 × 100 = 25።

ይህም ተስተካክሎ ካነሰ ጓሉን ይጠርጥሩ። ጥቁር አፈር ይድቦለቦላል፤ ካርባይዱ ውጩን ብቻ ነክቶ መሃሉ እርጥብ ይቀራል። ሁለቱ የብረት ኳሶች ለዚሁ ናቸው (ሳይት ላይ መጀመሪያ የሚጠፉትም እነሱ ናቸው)። ሲሊንደሩን አጋድመው 10 ሰከንድ ያሽከርክሩ፣ 20 ሰከንድ ያሳርፉ፤ ለሸክላ አፈር እስከ 3 ደቂቃ ይደጋግሙ። ሲከፍቱ ጓል ካገኙ ንባቡን ይጣሉት። መርፌው ከጌጁ (ከግፊት መለኪያው) የመጨረሻ ቁጥር ካለፈ ግማሽ ሳምፕል መዝነው ንባቡን በ2 ያባዙ፣ ከዚያ ነው ወደ ደረቅ የሚቀይሩት። ክዳኑ ተከፍቶ የዋለ ካርባይድ የአየሩን እርጥበት ስቦ ስለሚደክም ዝቅ አድርጎ ያነባል። የሚወጣው ጋዝ አሴቲሊን ነው፤ እሳት በሌለበት፣ ከፊትዎ አርቀው ይክፈቱ።

ለቤዝ ኮርስ (ከአስፋልቱ ሥር ለሚነጠፈው ጠጠር) ግን ስፒዲን ይተዉት። ከ4.75 ሚሊሜትር ወንፊት የሚያልፈውን ብቻ ስለሚለካ ጠጠሩን አይወክልም። በርከት ያለ ሳምፕል አየር በማያስገባ ከረጢት አስረው ወደ ኦቨን፤ 110 ዲግሪ ላይ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ይድረቅ። ጂፕሰም ካለበት ከ60 ዲግሪ አይለፉ፣ የማዕድኑ ውሃ ራሱ ይወጣና ንባቡ ያብጣል። ኒውክለር ጌጅም (እርጥበትን በጨረር የሚለካው የሳይት መሣሪያ) የሚቆጥረው ሃይድሮጅን ስለሆነ፣ የተፈጨ አሮጌ አስፋልት በተቀላቀለበት ቤዝ ላይ ሬንጁንም እንደ ውሃ ይቆጥረዋል።